ክኒኑን ያቆምኩባቸው ወራት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ የሴት ልብስ እሰፋለሁ። የእኔ ሥራ ከደረት ይጀምራል። ሜትሩን በብብታቸው ሥር አዙሬ ፊት ለፊት ሳገናኘው ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ "ተንፍሺ እንጂ፣ ኋላ ቀሚሱ ያንቅሻል" እላቸዋለሁ። ሙሽራዋ፣ እርጉዟ፣ አራሷ፣ የቄሱ ሚስት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ሁሉም በእጄ አልፈዋል። የራሴን ደረት ግን ከእኔ ሌላ የለካው ሰው የለም። እብጠቱንም ያገኘሁት እኔው ነኝ። ለፋሲካ የራሴን ቀሚስ ልቀድ መስታወት ፊት ቆሜ ሜትሩን ሳጠብቅ፣ ግራ ጡቴ ላይ እንደ ሽምብራ የደረቀ ነገር ከጣቴ ሥር ገባ። አያምም ነበር። ባለማመሙ ደስ አለኝ፤ የሚገድል ነገር ሁሉ የሚያም ይመስለኝ ነበር።

ያኔ ከተጋባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ባሌ አንዳንዴ አምበር፣ አንዳንዴ ቁይ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል። ልጅ እየጠበቅን ነበር፤ አልመጣ ብሎን እንጂ። በየወሩ ደሜ ሲመጣ ከራሴ ጋር እጣላለሁ። በኋላ ያን ደም ራሱን እንደምናፍቀው ማን ነግሮኝ!

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በጥድፊያ ሆነ። ሆስፒታል ሄድን፤ በመርፌ ናሙና ወሰዱ፤ ካንሰር ነው አሉ፤ ጡቴ ወጣ። ከወጣው ዕጢ ላይ ትንሽ ቁራጭ በሰም ውስጥ ተደርጎ፣ የሆርሞን ምርመራ እንዲደረግለት አዲስ አበባ መድረስ ነበረበት። ይዞ የሚሄደው ባሌ ነው። መንገዱ በአምበር ስለሆነ ወላጆቹ ቤት ጎራ አለ። አባቱ የቅኔ መምህር ናቸው፤ አገሬው ሁሉ "የኔታ" ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው።

"ምንድን ነው የያዝከው?" አሉት።

"ከሷ የወጣ ነው አባዬ። በሰም አድርገውታል።"

የኔታ ትንሿን ሳጥን በመዳፋቸው ይዘው አገላብጠው አዩዋት አሉ። ከዚያ መለሱለትና፣ "በል፣ ሰሙን አንተ አድርስ፤ ወርቁን እነሱ ይፍቱት። ደግ ፍቺ ያድርገው" አሉት። ባሌ ተመልሶ ሲነግረኝ እኔ ሳቅሁ። ጡቴ ከወጣ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቄ ነበር፤ ቁስሌን አሳመመኝ።

ፍቺው የደረሰን ከሳምንታት በኋላ ነው። የነገረችኝ ሐኪም ከእኔ ብዙ የምትበልጥ አይደለችም፤ ስትናገር ዓይኗን ከሰው ዓይን አታሸሽም።

"ዕጢው ሆርሞን ተቀባይ ነው" አለችኝ።

"ምን ማለት ነው ዶክተር?"

"ኤስትሮጅን የሚባል የሴት ሆርሞን አለ። ጡትሽን ያሳደገው፣ የወር አበባሽን የሚያዘው እሱ ነው። ያንቺ ካንሰር የሚያድገው እሱን እየተመገበ ነው።"

"ከገዛ ገላዬ እየተመገበ?"

"ከገዛ ገላሽ። ግን ነገሩ ክፉ ብቻ አይደለም። ምን እንደሚበላ ካወቅን ልንከለክለው እንችላለን።"

ታሞክሲፊን ስለሚባለው ክኒን ያን ቀን ነገረችኝ። ሆርሞኑ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ክኒኑ ቀድሞ ይቀመጥበታል፤ ሆርሞኑ ሲመጣ ቦታው ተይዟል፣ ዕጢውም ይራባል። በየቀኑ አንዲት ክኒን፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት። እንደ ባላገር ልጅ ወዲያው ገባኝ፤ ውሃ የከለከሉት አረም ማለት ነው። ልነሳ ስል፣ "ቁጭ በይ፣ አልጨረስኩም" አለችኝ።

"ክኒኑን እየወሰድሽ ማርገዝ የለብሽም። ጽንሱን ይጎዳዋል።"

ከሆስፒታሉ በር እስከ ሱቄ ድረስ ባጃጅ ተሳፍሬ ስሄድ ስለ ካንሰሩ አላሰብኩም። አምስት ዓመት እያልኩ ነበር። ዕድሜዬ ሠላሳን አልፏል። አምስት ዓመት!

ኬሞ የሚሉትን የካንሰር መድኃኒት ጨርሼ ጸጉሬ መልሶ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ክኒኑን ጀመርኩ። በየዓመቱ ጥር ላይ ጠበል እጠመቃለሁ፤ ክኒኑንም አንድ ቀን አልዘለልኩም። ገላዬ ግን የማላውቀው ሰው ገላ ሆነብኝ። ሐምሌ ላይ፣ ማርቆስ በጉም ተሸፍና ሰው ሁሉ ጋቢ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ፣ እኔ ድንገት ከደረቴ እስከ ግንባሬ እሳት ይነድብኛል፤ መቀሱን ጥዬ በር ላይ ወጥቼ ዝናቡ ፊቴን እንዲመታኝ እቆማለሁ። የወር አበባዬ መጀመሪያ ተዛባ፣ ከዚያ ጭራሽ ቀረ። ሌሎች ሴቶች "ደግሞ መጣብኝ" እያሉ ሲያማርሩ ስሰማ እቀናለሁ። ማን በዚህ ይቀናል?

ለጎደለው ደረቴ ምትክ የጨርቅ ከረጢት የሰፋሁት ራሴ ነኝ። መጀመሪያ በጥጥ ሞላሁት፤ ቀለለና ስንቀሳቀስ ሽቅብ ወጣ። በኋላ ከረጢቷን ፈትቼ ዳጉሳ ጨመርኩባት፤ ያኔ ክብደቱ ልክ መጣ። ከላይ ለሚያየኝ ምንም አይታወቅም። ደንበኞቼም አላወቁም። እርጉዝ ስትመጣ ቀሚሷን ሰፋ አድርጌ፣ ከወገቡ ለቅቄ እቀድላታለሁ፤ "ስትወልጂ ደግሞ ከፊት እንዲከፈት ቁልፍ ልሥራለት? ለማጥባት ይመችሻል" እላለሁ። ቁልፉን ስተክል ግን እጄ ይዘገያል። ልብሱን ለብሳ፣ ልጇን ታቅፋ፣ ከላይ ሁለቱን ቁልፍ ስትፈታ ይታየኛል። እንዲህ ያለ ቀሚስ በጥንቃቄ እንደሰፋሁት ሌላ ልብስ ሰፍቼ አላውቅም።

አማቴ ጡቴ መውጣቱን ያውቃሉ። ታምሜ ስተኛ ከአምበር መጥተው ያስታመሙኝ እሳቸው ናቸው፤ እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተች "እማዬ" የምለው ሰው ከእሳቸው ሌላ አልነበረኝም። ክኒኑ እርግዝና እንደሚከለክል ግን አልነገርናቸውም። ባሌ "ቀስ ብዬ እኔ እነግራቸዋለሁ" ይል ነበር፣ አፉ አልታዘዝ እያለው ቆየ። እሳቸው ደግሞ ስለት ተስለው ይጠብቁ ነበር።

አንድ መስቀል አምበር ሄደን፣ እማዬ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። ከግድግዳው ላይ አንቀልባ አወረዱ። ልጆቻቸውን ሁሉ ያዘሉበት ነው። ቆዳውን ቅቤ አጠጥተው አለስልሰውታል፣ የረገፈውን ዛጎል አስተክለውበታል።

"እንኪ" አሉኝ። "ሳይደርቅ ውሰጂው። ዘንድሮ አንድ ነገር ይታየኛል።"

አንቀልባውን ተቀብዬ ደረቴ ላይ እንደያዝኩት እንባዬ መጣ። ያን ጊዜ መደበቅ አልቻልኩም።

"እማዬ፣ ዘንድሮ ምንም የለም። ከርሞም የለም። የምውጠው ክኒን ካንሰሩ እንዳይመለስ የሴትነቴን ሆርሞን የሚዘጋ ነው። እሱን እየዋጥኩ አላረግዝም፤ ማርገዝም አይፈቀድልኝም።"

የሚቆጡ መሰለኝ፤ ወይም የሚያለቅሱ። ደጅ የወንዶቹ ድምፅ ይሰማል።

"ይህን ሁሉ ጊዜ" አሉ በመጨረሻ፣ "እኔ 'ምን አዲስ ነገር አለ?' እያልኩ ስጠይቅሽ አንቺ ይሄን ይዘሽ ነው የምትስቂልኝ?"

"ምን ልበልዎት እማዬ?"

"እኔ የተሳልኩት እኮ አንቺ እንድትወልጂ ነው፤ አንቺ ሞተሽ የሚወለድ ልጅ ምን ያደርግልኛል?" አንቀልባውን ከእጄ ወስደው ወደ ነበረበት ችንካር መለሱት። "ይሰቀል። ቆዳ ነው፣ አይበላ አይጠጣ። ይጠብቃል።"

ከዚያን ቀን ወዲህ "ምን አዲስ ነገር አለ?" ብለውኝ አያውቁም። "ዋጥሽ?" ነበር የሚሉት ስልክ ሲደውሉ። መንገድ ተዘግቶ ከተማው ውስጥ መድኃኒት በጠፋ ጊዜ፣ የአምበርና የሉማሜ ሰው ሁሉ ዘመዱን እንዲጠይቅልኝ አድርገው፣ የያዝኩት ሳያልቅ ያስደረሱልኝ እሳቸው ናቸው።

ክኒኑን ከጀመርኩ ሦስተኛው ዓመት ሲጋመስ ለክትትል ሄድኩ። ሐኪሟ የምርመራ ውጤቴን አይታ ደህና መሆኔን ከነገረችኝ በኋላ፣ "ልጅ ትፈልጊ ነበር፣ አይደል?" አለችኝ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሳታቋርጪ ስሚኝ። በሌላ አገር እንዳንቺ ያሉ ወጣት ሴቶች ክኒኑን ለተወሰነ ጊዜ አቁመው፣ ወልደው፣ ተመልሰው እንዲጀምሩ ተደርጎ ተጠንቷል። እስካሁን የታየው የሚያስደነግጥ አይደለም። ባለማቋረጥ ከወሰዱት ይልቅ በሽታው በብዛት አልተመለሰባቸውም።"

"እስካሁን?"

"እስካሁን። የተከታተሏቸው ዓመታት ገና ጥቂት ናቸው፤ ያንቺ ዓይነቱ ካንሰር ደግሞ ብዙ ቆይቶም የመመለስ ጠባይ አለው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አላውቅም። የሚያውቅ ሰውም ገና የለም። ምንም አትሆኚም ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም። ክኒኑን ማቆም ይቻላል፣ ግን አስቢበት።"

ባሌ መናኸሪያ ውስጥ ተራ እየጠበቀ ነበር። ከጎኑ ተቀምጬ ነገርኩት። መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ፊት ለፊት እያየ አዳመጠኝ።

"አይሆንም" አለኝ።

"ለምን?"

"ቁርጡን 'አላውቅም' እያለችሽ? እኔ በፍሬን በማላምነው መኪና ሰው አልጭንም።"

"እኔ መኪና አይደለሁም።"

"አይደለሽም። መኪና ይገዛል።" ድምፁ ተሰበረ። "ጸጉርሽ እፍኝ እፍኝ ሲወጣ የጠረግኩት እኔ ነኝ። ልጅ ይቅር። በቃ፣ ይቅር።"

"አንተ ይቅር ትላለህ፣ እኔ ግን ይቅር ማለት አልቻልኩም" አልኩት። "ሞክሬያለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስሞክር ነው የኖርኩት።"

ተሳፋሪ መጣና ወሬያችን ተቋረጠ። ለሳምንታት በዚህ ነገር ተኳርፈን ሰነበትን። ነገሩን የፈቱት የኔታ ናቸው። አምበር ሄደን ሁለታችንም ፊታቸው ተቀምጠን ነገርናቸው። እሺ ወይ እምቢ ይላሉ ብለን ስንጠብቅ የጠየቁን ስለ ሐኪሟ ነበር።

"'አላውቅም' አለች?"

"አዎ፣ የኔታ።"

"ታዲያ ደግ መምህር አግኝታችኋል። የማያውቀውን አላውቅም የሚል መምህር በእኔም ሙያ ጥቂት ነው።" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "እኔ በማላውቀው አልፈርድም። ግን አደጋው በማን ገላ ላይ ነው?"

"በሷ።"

"እንግዲያ ፈቃዱም የሷ ነው። አንተ ከጎኗ ቁም።"

ወደ ማርቆስ ስንመለስ ባሌ፣ "ዶክተሯ ምን ምን ምርመራ ይቅደም አለች?" ብሎ ጠየቀኝ። በእሱ አነጋገር እሺ ማለት ይሄ ነው።

ምርመራው ሁሉ ታየ። ክኒኑን አቆምኩ። መድኃኒቱ ከገላዬ ተጠርጎ እስኪወጣ ሦስት ወር መጠበቅ ነበረብን። መጀመሪያ የቀረልኝ ያ እሳት ነው። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት፣ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ወገቤን የማውቀው ሕመም ያዘኝ። ሱቁን ቆልፌ ቤት ሮጥኩ። ደሜ ነበር። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩና ለእማዬ ደወልኩ።

"እማዬ፣ መጣ!"

"ማን መጣ?"

"መጣ እኮ ነው የምልዎት!"

"እንግዳ ነው? ምን አለሽ ቤት?"

"እማዬ... የወር አበባዬ!"

ስልኩ ውስጥ እልልታቸውን አቀለጡት። የኔታ ከሩቅ "ምን ተገኘ?" ሲሉ ይሰማኛል። እማዬም "የሴት ነገር ነው፣ እርስዎ ቅኔዎን ይቁጠሩ!" አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ያለፉት ወራት ከሕይወቴ ወራት ሁሉ ረጅሞቹ ናቸው። ደሙ ሲመጣ አሁን ሌላ ሐዘን ነበረው፤ ሐኪሟ ክኒኑን አቁሜ እንድቆይ የሰጠችኝ ጊዜ እየተቆረሰ ነው። ጀርባዬን ባመመኝ ቁጥር ደግሞ "ተመለሰ ይሆን?" እላለሁ። ባሌ አይጠይቀኝም፤ ሳላየው የቀረውን ጡቴንና ብብቴን በዓይኑ ሲፈትሽ ግን እይዘዋለሁ። አንድ ወር ደሙ ሳይመጣ ቀረ። ማንንም ሳልነግር ጠበቅሁ። ሲረጋገጥ ለባሌ ነገርኩት፤ ከመኪናው ወርዶ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። አዋላጇ ደረቴ ላይ ስታስቀምጥልኝ በተሰፋው በኩል ነበርና አፏን ከፍታ ጠባሳዬን ፈለገች። ወደ ቀኝ አዞርኳት። እንደያዘች ያዘች። ጣቶቼ እስኪነዝሩ ተሰማኝ። እማዬ አልጋው ጥግ ቆመው፣ "አንዱ ይበቃታል፤ መንታ አልወለድሽ" አሉ፤ ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ከለሉ።

እንዴት እንደጠባች መናገር ብችል! ስትጀምር በጥድፊያ ነው፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በአፍንጫዋ እየተነፈሰች። ቀስ በቀስ ትረጋጋለች፤ አንድ እጇ ከፍ ብሎ አገጬን ይዳስሳል። ሱቄን ስከፍት አጠገቤ አስተኛት ነበር። እኔም እንደ ደንበኞቼ ከፊት የሚከፈት ቀሚስ ለራሴ ሰፋሁ። ያቺን የዳጉሳ ከረጢት በእነዚያ ወራት አላደረግሁም፤ አንዱ በኩል ሞልቶ አንዱ በኩል ባዶ ሆኖ በማርቆስ መንገድ ሄድኩ። ማንም ያሻውን ይይ።

ወራቱ ግን የተዋስኳቸው ነበሩ። ክኒኑን መልሼ ልጀምር ነው፤ ክኒኑን የምትውጥ እናት ደግሞ አታጠባም። ሐኪሟ አላጣደፈችኝም፣ ግን አልደበቀችኝም፤ "በዘገየሽ ቁጥር እኔ እፈራለሁ" አለችኝ። እኛ አገር ልጅ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይጠባል። የእኔ ልጅ ገና መቀመጥ እየተማረች ነበር።

"ጥርስ እንኳ ሳታበቅል?" አሉ እማዬ። "ለትልቅ ልጅ ጡት ላይ እሬት ይቀባል። ለዚች ምን ይቀባል? እኔ እሬት አልቀባባትም፤ ምን አጠፋችና?"

ስለዚህ እሬት አልቀባንም። እማዬ ልጄን አዝለው፣ የቆርቆሮ ወተትና ጡጦ ይዘው ወደ አምበር ወሰዷት፤ ወተቴ እስኪደርቅ። ያን ቀን ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ አጠባኋት። ጠግባ አፏን ስትለቅ አንዲት የወተት ጠብታ ከንፈሯ ላይ ቀርታ ነበር፤ አልጠረግኳትም። ሚኒባሱ ሲሄድ አልሸኘሁም። ውስጥ ገብቼ ደረቴን በነጠላ ጠፍሬ አሰርኩና ሱቄን ከፈትኩ።

ጡቴ ድንጋይ ሆነ። አንዲት ሴት አራስ ልጅ ይዛ ለክርስትና ልብስ ልታስለካ መጣች። ሕፃኑ አለቀሰ። በዚያች ቅጽበት ወተቴ ነጠላውን፣ ቀሚሱን አልፎ ወረደ። ሴትዮዋ አየችኝ። ልጇን አልጋ ላይ እንደምታስተኛ ሁሉ ቀስ ብላ የጨርቅ ክምሬ ላይ አስተኛችና መጥታ አቀፈችኝ። ስሟን እንኳ አላውቀውም ነበር።

ማታ ባሌ ውሃ በብርጭቆ አመጣልኝ። ክኒኑን መዳፌ ላይ አድርጌ አየሁት። ይህች ትንሽ ነጭ ነገር ከልጄ ጋር እንድኖር የምታደርገኝም፣ ልጄን ከደረቴ ያነሳችውም እሷው ናት። ዋጥኳት። ባሌ ብርጭቆውን ተቀብሎኝ አጠገቤ ተቀመጠ።

ልጄ ስትመለስ ለጥቂት ቀን አንገቴ ሥር ገብታ አሸተተችኝ፤ አፏን ወደ ቀኝ አዞረች። ከዚያ ተወችው። እኔ ነኝ ያልተውኩት።

አሁን ሦስት ዓመቷ ነው። የኔታ ፊደል ያስቆጥሯታል፤ "ሀ"ን ብላ "ሁ" ላይ ስትደርስ ትስቃለች፣ ለምን እንደሆነ ማንም አልደረሰበትም። ክኒኑን በየቀኑ እውጣለሁ። ያ እሳት ተመልሷል፤ ደሜም መልሶ ቀርቷል። ምርመራዬ እስከ አሁን ንጹሕ ነው። በቅርቡ ሐኪሟን ስለ ሁለተኛ ልጅ ጠየቅኋት። እጇን እጄ ላይ አደረገችና፣ "እንዲህ ብዬ የምመክርሽ ነገር የለኝም" አለችኝ። ሌላ አልጠየቅሁም።

በዚያው ሳምንት በባሌ መኪና ወደ አምበር ስንሄድ፣ ፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ላይ አንዲት ወጣት ሴት ልጇን ታጠባ ነበር። በሞተሩ ጩኸት መሐል የአዋዋጡ ድምፅ ይሰማኛል። ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ የጤፉ ማሳ ቢጫ ሆኖ ያልፋል። ከዚያ መልሼ ዞርኩና ልጁ እስኪጠግብ ድረስ አየሁት። ሴትዮዋ አላፈረችም።

"ልጅ አለሽ?" አለችኝ።

"አለችኝ። አያቷ ቤት ናት፣ ልወስዳት ነው።"

"ጡት ጠግባለች?"

"ጥቂት ጠብታለች" አልኳት።